አስለቃሿና እንባ የራቃት እናት

አንዲት አስለቃሽ ነበረች፤ ስሟ አንጓች ይባላል። ሥራዋ ለቅሶ ቤት እየገባች ሙሾ ማውረድ ነው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄሱ ይጠራሉ፣ ቀጥሎ አንጓች ትጠራለች፤ አንዳንዴማ ቄሱ ሁለተኛ የሚሆኑበት ቀን ነበር። ሦስት ወንዝ አቋርጠው በበቅሎ የሚወስዷት ብዙ ናቸው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ “ወይኔ!” ስትል ደረቅ ዓይን አይገኝም። ከአማቷ ጋር አሥር ዓመት የተኳረፈች ምራት እንኳ፣ አንጓች ሁለት ስንኝ ካወረደች በኋላ፣ “እናቴን! እናቴን!” እያለች ደረቷን ስትደቃ ታይታለች። የአገሩ ሰው በዚህ ይስቃል፤ ይኮራበታልም።

አንጓች ሟቹን አታውቀውም፤ ማወቅም አያስፈልጋትም። ወደ ለቅሶው ከመሄዷ በፊት ደብሬን ትልካለች። ደብሬ ጎረቤቷም ተቀባይዋም ናት፤ አንጓች ግጥሙን ስታወርድ “ወይ! ወይ!” እያለች የምትመልስላት እሷ ነች። ደብሬ ሀዘንተኞቹ ቤት ደርሳ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቃ ትመለሳለች። የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአባቱን ሙያ። “ሦስቱ ከተገኙ የቀረውን ምላሴ ያውቀዋል” ትላለች አንጓች። እውነትም ምላሷ ያውቀዋል። ለወጣት ፈረስና ጋሻ አለ። ለባልቴት ባዶ ሆኖ የማያውቅ ማጀት አለ። ለሽማግሌ ሸንጎና ምክር አለ። ስሙን እየቀየረች ታወርደዋለች፤ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ እሷም ተመርቃ ወደ ቤቷ ትገባለች።

እንዲህ ሠላሳ ዓመት ኖረች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም፤ ወይም የተሳሳተች መሆኗን የነገራት ሰው አልነበረም።

በአንድ የነሐሴ ቅዳሜ ላቀው የሚባል ወጣት ገበያ ሊሄድ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው። ሬሳው በማግስቱ ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ከአንድ ሾላ ሥር ተገኘ። አባቱ ባላምባራስ ጎሹ ቀደም ብለው የሞቱ፣ በፈረስ ጉግስ አገር ያስጨበጨቡ ሰው ነበሩ። እናቱ ትርንጎ ከእሱ በቀር ልጅ የላትም። ለአንጓች ይህ ሁሉ የተመቸ ነበር። ወጣት፣ አንድ ለእናቱ፣ የፈረሰኛ ልጅ! ደብሬ ወሬውን ይዛ ስትመጣ፣ አንጓች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ በመንገድ ላይ ግጥሙን ጨርሳ ነበር።

ሬሳው ተገንዞ ከዳሱ ሥር አልጋ ላይ ተዘርግቷል። ግቢው በሰው ሞልቷል። ትርንጎ ከልጇ ራስጌ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ሬሳው ከተገኘ ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ ከዓይኗ አልወጣም። ሰዎች በጆሮ ይንሾካሾካሉ። አንዷ “ድንጋይ ናት እንጂ እናት ናት?” ትላለች። ሌላዋ ደግሞ እንባው ሳይወጣላት በባሏ ሰባተኛ ቀን የሞተች አንዲት ጎረቤቷን ታስታውሳለች። “እንባ ያልወጣለት ሀዘን ሰው ይዞ ነው የሚሄድ” ይላሉ አሮጊቶቹ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ትርንጎ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ሁሉም የሚጠብቀው አንጓችን ነበር። ትርንጎን አስለቅሳ ታተርፋታለች ብለው ነው።

አንጓች ከመካከል ቆመች። እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ ድምፅዋን ለቀቀችው።

“ፈረሱ ተጫነ ባለቤቱ ቀረ፣
ጋሻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አደረ።”

“ወይ! ወይ!” አለች ደብሬ። ግቢው ተናወጠ። ሴቶች ደረታቸውን ደቁ፤ ወንዶች በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ። አንጓች ሰረቅ አድርጋ ወደ ትርንጎ አየች። ምንም የለም። ስለዚህ ሁለተኛውን፣ ከዚህ በፊት አንድም እናት ያልቻለችውን ግጥም አወጣች።

“እናቱ አትጠብቂው በሩን ዝጊው በቃ፣
አንበሳው ተኝቷል ላይነቃ ላይነቃ።”

“ዝም በይ!”

ትርንጎ ናት። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ቆማለች።

ግቢው ክው አለ። በዚያ አገር ሙሾ አይቋረጥም። ዝናብ ቢጥል፣ ቤት ቢቃጠል፣ የጀመረች አስለቃሽ ሳትጨርስ ዝም አትባልም፤ የሟችን መንገድ መዝጋት ነው ተብሎ ይፈራል። ደብሬ “ወይ” ልትል የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ከፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ጎንበስ ብለው ለማንሣት እንኳ አልደፈሩም።

“ልጄ ፈረስ ይፈራ ነበር” አለች ትርንጎ። ድምፅዋ አይጮህም፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። “ከሩቅ ኮቴ ሲሰማ ከኋላዬ ይደበቅ ነበር። ጋሻ ከአባቱ ሞት ወዲህ በቤታችን የለም። ይህ የምታለቅሽለት ልጅ የማን ነው? እናቱ በሕይወት ካለች ጥሪያትና ታልቅስለት። አልጋው ላይ የተኛው የእኔ ልጅ ነው።”

ይህን ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

አንጓች አፏን ይዛ ቀረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የታዘዘላት ምላሷ ያን ቀን አንዲት ፊደል አጣ። ቀብሩ ያለ ሙሾ፣ በካህናቱ ጸሎት ብቻ ተፈጸመ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቀብር አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሰዎች ሲመለሱ እንኳ እርስ በርሳቸው ለማውራት ፈሩ።

በማግስቱ አንጓች እቤቷ በራፍ ላይ ጥጥ ልትፈትል ተቀመጠች። በቁጣ ትንተከተካለች።

“እኔን! በሰው ፊት! ሠላሳ ዓመት ያስለቀስኩ ሴትዮ ‘ዝም በይ’ ልባል?” አለች።

“ሀዘኑ አእምሮዋን አዙሮት ነው፤ አትቀየሚያት” አለች ደብሬ። “ደግሞስ ማን ያስታውሳል? ባለፈው ወር ለዚያ ለላይኛው ሰፈር ሰውዬ ያወረድሽውን አስቢ። ስንቱ ወደቀ!”

አንጓች ያን ለማስታወስ ሞከረች። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ወድቆ ነበር። ሰውዬው ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር? ፈረስና ጋሻ ብቻ ትዝ አላት። ከእሱ በፊት የሞተችውስ ባልቴት? ሙሉ ማጀት ብቻ። ከዚያ በፊትስ? እንዝርቷን እያሾረች ወደ ኋላ ሄደች፤ አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት። ግጥሙ ሁሉ አለ። ሰው የለም። አንድ ፊት እንኳ፣ ይኼ እንዲህ ይስቅ ነበር የምትልለት አንድ ሰው እንኳ አላገኘችም። እንዝርቱ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ። ስንቱን እንዳስለቀሰች ታውቃለች፤ ማንን እንዳለቀሰች ግን አታውቅም።

ድንጋጤው ከትርንጎ ጩኸት ይብስ ነበር። ሰው ግን የገዛ ጥፋቱን ለማየት የሚችለው ለአፍታ ነው፤ ወዲያው ዓይኑን ይመልሳል። አንጓችም እንዲሁ አደረገች። “ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ደብሬ በደንብ ስላልጠየቀች ነው” አለች በሆድዋ፤ የአብዬን ወደ እምዬ። ከዚያ አሥራ ሁለት ቤት አዲስ ግጥም ስለ ወንዝ፣ ስለ ጎርፍና ስለ ነሐሴ ዝናብ ገጠመች። በሰልስቱ ሄዳ በሰው ሁሉ ፊት ታወርደዋለች፤ ትርንጎም ወድቃ ታለቅሳለች፤ ያን ጊዜ ማን ዝም እንደሚል ይታያል።

በሰልስቱ ቀን ስትደርስ ያየችው ግን የጠበቀችውን አይደለም።

ትርንጎ ከቤቱ ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ውሃ ሲሰጧት እምቢ አትልም፤ ትጎነጫለች፤ ግን መዋጥ ያቅታትና በከንፈሯ ጥግ ይፈሳል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ ደርቆ አመድ መስሏል። የነፍስ አባቷ ደጅ ቆመው ለሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው ሲናገሩ አንጓች ሰማች። “እንዲህ ከቀጠለች ሰባቱን አታልፍም። አንድ ነገር አድርጉ፤ እኔ የምለውን ጨርሻለሁ” ይላሉ።

ቤቱ በአጽናኝ ተሞልቷል። ሰው ያለውን ይሰጣልና ሁሉም ያለውን ይወረውራል።

“ሞት ለማን ይቀራል ትርንጎ? ሁላችንም ተራችንን ነው።”

“አይዞሽ፣ ገና ወጣት ነሽ።”

“የእኔ እህት እኮ ሁለት ቀብራለች፤ ዛሬ ይኸው ትስቃለች።”

“በይ አልቅሺ እንጂ! ማልቀስ ነው የሚሻልሽ!”

ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባላል። ትርንጎ ወደ አንዱም ዓይኗን አላነሣችም።

አንጓች ስትገባ ሰዎች ወደ ግድግዳው ሸሹ፤ ጠብ የሚነሣ መስሏቸዋል። ደብሬ ለመቀበል ጉሮሮዋን ጠረገች። አንጓች አሥራ ሁለቱን ቤት ግጥም ይዛ በትርንጎ ፊት ቆመች።

ትርንጎ ቀና አለች። “መጣሽ እትዬ አንጓች?”

“መጣሁ።”

“በይ ጀምሪ። ዛሬስ የማንን ልጅ ታለቅሺልኛለሽ?”

የምትሳደብ አልመሰለችም። ከልቧ የምትጠይቅ መሰለች። ይህ ነው አንጓችን ያስደነገጣት። ለቁጣ መልስ ይዛ መጥታለች፤ ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጀችም። ያንን የተሰነጣጠቀ ከንፈር አየች። ይህች ሴት እየሞተች ነው፣ እኔ ግን የመጣሁት ላሸንፋት ነው ብላ አሰበች። አሥራ ሁለቱ ቤት ግጥም የት እንደገባ አልታወቀም። ከመደቡ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች።

የሚባል ነገር ስታጣ፣ ማወቅ የፈለገችው ነገር ብቻ ቀረላት።

“ፈረስ ለምን ይፈራ ነበር?” አለች።

ትርንጎ ደነገጠች። በሦስት ቀን ውስጥ ያ ሁሉ ሰው መጥቷል፤ ስለ ልጇ አንድ ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም።

“የአባቱ ፈረስ ነው” አለች። “አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ በግድ አወጡት። ወደቀ። ዳግመኛ ሊያወጡት ሲሉ እግሬን ይዞ አልለቅ አለ። አባቱ አፈሩበት። ‘ይህ የእኔ ልጅ አይደለም’ አሉ። እሱም ሰማ። ከዚያ በኋላ ኮቴ በሰማ ቁጥር ይደበቃል፤ ግን ፈረሱን ይሁን አባቱን የሚፈራው አላወቅሁም።”

አንጓች በምላሷ ጫፍ አንድ ስንኝ ሲመጣ ተሰማት። ምላሷን ነክሳ ያዘችው።

ትርንጎ ቀጠለች። ላቀው ሸማኔ እንደነበር ተናገረች። አባቱ ባሉበት ዘመን የማይሞከር ነው፤ ከሞቱ በኋላ ከጓሮ የሽመና ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ። ሲሸምን ብቻውን ያወራል፤ ድሩ ሲበጠስበት ይለማመጠዋል። ዳቦ ሲሰጡት መጀመሪያ ቅርፊቱን ይበላል። የሸክም አህያ ሲያልፍ ዝም ብሎ ማየት አይችልም፤ ሮጦ ጭነቱን ያቃናል፤ ባለአህያውም ሌባ መስሎት አንድ ጊዜ በዱላ መትቶታል። ይህን ስትናገር የትርንጎ ከንፈር ፈገግ ያለ መሰለ። ተሰነጥቆ ስለነበር ደም ወጣው።

አንጓች እሷም ልጅ ቀብራለች። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ። “እኔም እኮ” የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። እውነተኛ ሀዘን ነው፤ መነገርም ይገባው ነበር። ግን ያን ካለች ወሬው የእሷ ይሆናል፤ ትርንጎ ደግሞ ተነሥታ ልታጽናናት ነው። ስለዚህ ዋጠችው። እንደ ትኩስ ገንፎ አቃጥሏት ወረደ።

“ያን ቀን ጠዋት” አለች ትርንጎ።

አንጓች አልቸኮለችባትም።

“ያን ቀን ጠዋት ይዘንባል። እኔ ስንዴ እያበጠርኩ ነው። የሚሸጠውን ጋቢ በብብቱ ይዞ በራፉ ላይ ቆመ። ‘እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ’ አለኝ። ጣራው ያፈስ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ስጨቀጭቀው ነበር። ስለ ጣራው ሰበብ ሊያመጣ ነው ብዬ ‘ገባኝ፣ ገባኝ፤ ሂድ ገበያው ሳይበተን’ አልኩት። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም እትዬ አንጓች። ትንሽ ቆመ። እግሩን ማየቴን አስታውሳለሁ፤ ፊቱን ግን አላየሁም። ‘እሺ፣ ስመለስ’ አለ። ሄደ።”

“ምን ሊለኝ ነበር?” አለች ትርንጎ። “ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ነው የማስበው። ላለቅስ ስል ‘ምን ሊለኝ ነበር?’ ይመጣና እንባዬን ይይዘዋል። ምን ሊለኝ ነበር?”

እግዚኦ! ድንጋይ ናት የተባለችው ሴት በሆድዋ የተሸከመችው ይህን ነበር ለካ! ያ ሁሉ ሰው ሦስት ቀን “አልቅሺ” እያለ የጮኸው በዚህ ላይ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው።

ከጥግ ደብሬ አላስቻላትም። “ምርቃትሽን ፈልጎ ይሆናላ! ልጅ ሌላ ምን ይላል?” አለች።

“ሊያገባ ነበር ይሆናል፤ ለዚህ ነው ያፈረው!” አለች ሌላዋ።

“ኧረ ስለ ጣራው ነው፤ በከንቱ ነው የምትጨነቂው!” አሉ አንድ ሽማግሌ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለማጽናናት ነው።

አንጓች የትርንጎን ፊት እያየች ነበር። አሁን ተከፍቶ የነበረው ፊት ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ሲዘጋ አየችው። ዓይኗ እንደገና አመድ ሆነ።

ያን ጊዜ አንጓች በዚያ አገር ማንም አድርጎ የማያውቀውን አደረገች። ተነሥታ ወደ አጽናኞቹ ዞረች። “ውጡ” አለች።

“ምን አልሽ?” አሉ ሽማግሌው።

“ውጡልኝ፤ እባካችሁ። ሁላችሁም። ደብሬ፣ አንቺም።”

ለቅሶ ደራሽ አይባረርም። በጠላት ቤት እንኳ አይባረርም። የነፍስ አባቷ ደጅ ሆነው አማተቡ። ሰዎቹ “ጉድ ነው! ጉድ ነው!” እያሉ፣ ከፊሉ ተቆጥቶ፣ ከፊሉ ፈርቶ ወጣ። “ሁለቱንም ያዛቸው” አለ አንዱ ደጅ ላይ፤ ትርንጎንም አንጓችንም ማለቱ ነው።

አንጓች ተመልሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። የትርንጎን እጅ ያዘች። መልስ መስጠት ሥራዋ ነበር፤ ለማንኛውም ሞት ቃል ነበራት። አሁንም ጥሩ መልስ ታውቃለች፤ ደብሬ ካለችው የተሻለ፣ የሚያምር፣ እናት የሚያሳርፍ። ግን እውነት መሆኑን አታውቅም። የማታውቀውን ልጅ ዳግመኛ ልትፈጥርላት አልደፈረችም።

“አላውቅም ትርንጎ” አለች። “ምን ሊልሽ እንደነበር እኔ አላውቅም።”

ትርንጎ አፍጥጣ አየቻት። “የሚያውቅ ሰው የለም?”

“የለም። የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።”

“እንግዲያው አልሰማውም? መቼም?”

“አትሰሚውም።”

“እኔ ነኝ ያልሰማሁት።”

አንጓች “አይደለም” ልትል ነበር። አላለችም። “አዎ” አለች በቀስታ። “አልሰማሽውም። ይኸው እዚህ ነኝ፤ አልሄድም።”

መጀመሪያ የትርንጎ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከሆድዋ፣ አንጓች በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከማንም ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ወጣ። “ላቀውዬ! ላቀውዬ! ንገረኝ! አሁን ንገረኝ!” አለች ትርንጎ። እንባዋ ወረደ። በአንጓች ጭን ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ አንጓችም አለቀሰች፤ አንድም ግጥም አላወረደችም።

ደጅ ያለው ሰው ድምፁን ሰምቶ ክው አለ፤ ከዚያ እየተጋፋ ገባ። የነፍስ አባቷ በሩ ላይ ቆመው እንባቸውን ጠረጉ። ብዙ ቆይታ ትርንጎ ቀና አለችና “ውሃ ስጡኝ” አለች። ሰጧት። ዋጠችው። ደግማ ጠየቀች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው እልል ሊሉ ቃጥቷቸው፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

“ምን ብለሽ አስለቀስሻት?” አሉ ሽማግሌው አንጓችን።

“ምንም አላልኩም።”

ማንም አላመናትም። ኃይለኛ ግጥም ደብቃለች፣ ለዚህ ነው ሰው ያስወጣችው ተባለ። ወሬው ወንዝ ተሻገረ። ያንን ምሥጢር የሆነ ግጥም ሊማሩ ማር ይዘው የመጡ አስለቃሾች ነበሩ። አንጓች ለሁሉም አንድ ቃል ነው የምትመልሰው፤ “እሷ ተናገረች፤ እኔ ሰማሁ።” ንፉግ ናት እያሉ ማራቸውን ይዘው ተመለሱ።

ደብሬም አላረፈችም። “ለእኔ ለተቀባይሽ እንኳ አትነግሪኝም? ማን ይሰማናል?” አለቻት አንድ ቀን መንገድ ላይ።

“ልንገርሽ” አለች አንጓች ቆም ብላ። “ያን ቀን ከትርንጎ ፊት ስቀመጥ…”

“አወቅሁት! አስማት ነው!” አለች ደብሬ። “ጠርጥሬ ነበር እኮ! ከየትኛው ደብተራ ነው ያገኘሽው?” አለችና እስከ ቤታቸው ድረስ ስለምታውቃቸው ደብተራዎች ሁሉ አወራቻት። አንጓች የጀመረችውን ሳትጨርስ ቀረች።

ከዚያ በኋላ የአንጓች ሙሾ አጭር ሆነ። ግጥሟ ነጥፏል ብለው የሚያሟት አሉ። ሀዘን የደረሰበት ሰው ግን አሁንም እሷን ነው የሚያስጠራት። ስትመጣ ትቀመጣለች፤ ስለሞተው ሰው ትጠይቃለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። ትርንጎም ዛሬ በሕይወት አለች። ለጥያቄዋ መልስ አላገኘችም፤ ግን ብቻዋን አትሸከመውም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንጓች ዘንድ ጎራ ትላለች፤ ስለ ላቀው ታወራላታለች።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ እንዲይዘው የሚፈለገው ነገር ይህ ነው። የተጎዳ ሰው ፊታችን ሲቀመጥ ዝምታው ያስፈራናል፤ ስለዚህ በተዘጋጀ ቃል እንሞላዋለን። ምክር እንሰጣለን፣ የራሳችንን ቁስል እናወጣለን፣ የማናውቀውን እናውቃለን እንላለን። ይህን ሁሉ በፍቅር እናደርገዋለን፤ ሰውየው ግን በመካከላችን ብቻውን ይቀራል። መስማት ከባድ ሥራ ነው። ምላስ መንከስን፣ “አላውቅም” ማለትን፣ ሳይቸኩሉ አብሮ መቀመጥን ይጠይቃል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ አባቶች። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ያልተሰማ ቃል ግን አይለቀምም።

አሁን ይህን የሚያነቡት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጡ፣ ወይም ትናንት፣ ወይም በዚህ ሳምንት “አንድ ነገር ልንገርህ”፣ “አንድ ነገር ልንገርሽ” ብሎ የጀመረልዎት ሰው አልነበረም? ምን ሊልዎት ነበር?

ሰውየው አሁንም በሕይወት ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ይተዉትና ሄደው ይጠይቁት።